ለሚስቱ የመረጣቸው ጥያቄዎች

ሰፈሩ «ጋሽ ዳገት» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው እንጂ እሱስ ዳገት የሚወጣ ሰው አልነበረም፤ ከአውቶቡስ ፌርማታው እስከ ቤቱ ያለችውን ትንሽ አቀበት እንኳ የሚወጣት ቆም ቆም እያለ፣ ድካሙን ለመደበቅ መንገደኛውን ሁሉ ሰላም የሚል እየመሰለ ነው። ዳገቱ ያለው ቤቱ ውስጥ ነው፤ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር በተደረደሩት የጫማ ካርቶኖች ውስጥ።

ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ከሰዓት በኋላ ግን ሳሎኑ፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ላስቲክ የለበሰች ጠረጴዛ፣ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚጠብቁ ሰዎች ማረፊያ ትሆናለች። ያ ፈተና እንደ ዝናብ ነው፤ ሰው አይመርጥም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ አንድ ዓይነት ወረቀት በሁሉም ላይ ይወርዳል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ አንዷን አጥቁር። ዝናቡ አንድ ቢሆንም ጣሪያው ይለያያል፤ የአንዱ ቆርቆሮ አዲስ ነው፣ የሌላው ቀዳዳ ወንፊት ያስንቃል። የጋሽ ዳገት ሥራ የእያንዳንዱን ሰው ቀዳዳ ፈልጎ ማግኘት ነበር።

ለዚህም ያረጁ የፈተና ወረቀቶችን በመቀስ እየቆረጠ፣ ጥያቄ ጥያቄውን በጠንካራ ካርቶን ላይ እየለጠፈ ካርድ ይሠራል። በካርዱ ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት መስመር ያሰምራል። መስመሯ ወደ ታች ካዘነበለች ጥያቄው «ቁልቁለት» ነው፤ ከተጋደመች «ሜዳ»፤ ወደ ላይ ካቀናች «ዳገት»፤ ቀጥ ብላ ከቆመች ደግሞ፣ እግዜር ያውጣህ፣ «ገደል» ነው።

«ጥያቄ እንደ ጫማ ነው» ይላል አዲስ ተማሪ ሲመጣ። «ከሰፋ ይጥልሃል፣ ከጠበበ ይልጥሃል። አምስት ካርድ ሰጥቼህ ሦስቱን ከሠራህ፣ ሁለቱ ካስቸገሩህ፣ ልክህን አግኝቻለሁ። አምስቱንም ከሠራህ እያሞኘሁህ ነው። አንዱንም ካልሠራህ እየበደልኩህ ነው፤ ያኔ ስደበኝ፣ አልቀየምም።»

የሚቀጥለውን ካርድ የሚመርጠው ደግሞ የተማሪውን ፊት እያየ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ የሆነው መካኒክ ሲጨንቀው ጆሮው ይቀላል፤ ያኔ ሜዳ ይሰጠዋል። ሌላዋ ተማሪ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ ጥያቄው ሲቀልላት ዓይኗ ወደ መስኮቱ ይኮበልላል፤ ያኔ ዳገት ይሰጣታል። «ወረቀት ይዋሻል፣ ፊት አይዋሽም» ይል ነበር፣ ካርዱን እንደ ቁማርተኛ ከእጁ ሥር ሸርተት እያደረገ። እውነትም እጁ የተባረከ ነበር። ከዚያች ጠረጴዛ ተነሥተው ኮሌጅ የገቡ ብዙ ናቸው፤ መንገድ ላይ ሲያገኙት «ጋሼ!» ብለው ከሩቅ ይጮኻሉ፤ እሱም በዚህ አሳቦ አቀበቱ ላይ ትንሽ ያርፋል።

ታዲያ ይህ ሁሉን የሚመዝን ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ መመዘን አቃተው። ሚስቱን።

ሚስቱ በሆስፒታል የሕፃናት ክፍል የነርስ ረዳት ናት። አንሶላ ትቀይራለች፣ ሙቀት ትለካለች፣ አልበላም ያለውን ታባብላለች። ነርሷ መርፌ ስትወጋ የልጁን እጅ ይዛ «ወደኔ እይ፣ ወደኔ!» የምትለው እሷ ናት። ልጅነቷን በጊዜ ነው ያስረከበችው፤ እናቷ አልጋ ላይ ሲውሉ ደብተሯን ዘግታ ታናናሾቿን አሳደገች። ሁሉም አድገው፣ ተምረው፣ ተድረው ካበቁ በኋላ እሷ ዞር ብላ ብታይ ደብተሩ እዚያው የተዘጋበት ቦታ አለ።

እንዲያ ሆና ግን ያዘነች ሴት አልነበረችም። ዘፈን የማይለያት፣ ቀልድ የማያልቅባት ሰው ናት። በተለይ ስትተኩስ። ካውያውን ሶኬት ላይ ሰክታ የባሏን ሸሚዝ ስትዘረጋ፣ ግጥሙ ከየት እንደሚመጣላት እሷም አታውቅም፤ እንደ እንፋሎቱ ነው፣ ሲሞቅ ይወጣል።

ሸሚዝህን ብተኩስ ኮሌታው ተቃና፣
ጠባይህን ልተኩስ አውልቀውና ና።

«የትኛውን ጠባዬን ነው ደግሞ?» ይላል ባል ከሳሎን።

«ሁሉንም! ጨርሶ የተጨማደደ ነው!»

ቤቱ በዚህ ነበር የሚሞቀው።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆማ ተናገረች። ሆስፒታሉ የመግቢያ ፈተናውን ላለፉ ረዳቶች የነርስ ትምህርት ሊያስተምር ነው፤ ግን የዕድሜ ገደብ አለው፤ ለእሷ የዘንድሮው የመጀመሪያም የመጨረሻም ነው።

«እንግሊዝኛውን እወጣዋለሁ፤ ባዮሎጂውንም የታማሚ አልጋ ላይ ሳየው ነው የኖርኩት» አለች። «ሒሳቡ ነው። ሒሳቡ ከጣለኝ ሌላው ቢረባ ባይረባ ምን ዋጋ አለው? በየቀኑ እጃቸውን ይዤ ሌላ ሰው ሲያክማቸው ከማየት፣ አንድ ቀን እኔ ራሴ ባክም ምን ይለኛል? እህ? ምን ይለኛል?»

«ምንም አይልሽ» አለ ባል። ደረቱ ውስጥ አንዳች ነገር ክንፉን ሲዘረጋ ተሰማው። «ለሰው ሁሉ የመረጥኩ፣ ላንቺ አጣለሁ?»

በመጀመሪያው አመሻሽ እንደማንኛውም ተማሪ ጠረጴዛው ላይ ከፊቱ አስቀመጣት። ሁለት ሜዳ ሰጣት፤ ሠራች። ከዚያ ዳገት ሰጣት። ግንባሯ ተቋጠረ። ከንፈሯን ነከሰች። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች፣ ሰረዘች። ሁለተኛ ዳገት ጨመረላት፤ አሁንም አልሆነም። ቀና ብላ ስታየው፣ ያ ለስንት ሕፃን «አይዞህ» ሲል የኖረ ፊት ራሱ አይዞሽ የሚለው አጥቶ ነበር። ካርዶቹን ሰብስባ መለሰችለት፣ ተነሥታ ካውያውን ሰካች፣ ሸሚዙን ዘረጋች። አልዘፈነችም።

ሌላ ተማሪ ቢሆን ጋሽ ዳገት ደስ ይለው ነበር። «ቀዳዳውን አገኘነው!» ብሎ እጁን ያፋትግ ነበር። አሁን ግን የካውያውን ጭስስ ጭስስ ብቻ እየሰማ፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ የሆነ መሰለው። ሰው ከሚወደው ፊት ላይ ደመና ሲያይ ሒሳብ የት አባቱ ይገባል?

በማግስቱ ቁልቁለት ሰጣት። ግን ቁልቁለት መሆኑን እንዳታውቅ፣ ወደ ታች ያዘነበለችውን ቀይ መስመር አጠፋና ወደ ላይ የምታቀና መስመር አሰመረባት። እሷም አምስቱንም ሠራችው።

«ዳገት ነው አይደል ይሄ?» አለች ዓይኗ እየበራ።

«መስመሩን አታይም?»

«ኧረ ተው! ወጣሁት እኮ!» ብላ አጨበጨበች። ያን ዕለት ሸሚዙ ብቻ ሳይሆን የመስኮቱ መጋረጃ፣ የትራስ ልብሱ፣ የወጥ ቤት ፎጣው ሳይቀር በዘፈን ተተኮሰ።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ክፋት አልነበረበትም፤ ግን ውሸት ሲጣፍጥ ማንኪያውን ማስቀመጥ ይከብዳል። ሰንበትበት ሲል ቁልቁለቱ ሁሉ ወደ ዳገት ካርቶን ገባ። እሷ አምስቱንም ትሠራለች፣ ትዘፍናለች፤ እሱ ይስቃል። አንዳንዴ ፀጉር ሠሪዋን ወይም መካኒኩን ሲያስተምር ኅሊናው ጎኑን ጎንተል ያደርገዋል፤ «ነገ ከበድ ያለ እሰጣታለሁ» ይላል፤ ነገ ደግሞ ነገን ይወልዳል።

አንድ ጊዜ ጠርጥራው ነበር። «አንተ ሰው፣ ትናንትም አምስቱን፣ ዛሬም አምስቱን ሠራሁ። አምስቱን ከሠራህ እያሞኘሁህ ነው የምትለው አንተ አይደለህም?»

ባል ሳል ያዘው። «እሱ... እሱ እኮ ለመካከለኛ ተማሪ ነው። ለጎበዝ ሕጉ አይሠራም።»

ውዳሴ ጠላ ባይሆንም ያሰክራል። አመነችው።

ነገሩ የፈነዳው ፀጉር ቤት ነው።

ፀጉር ሠሪዋ ቀልጣፋ፣ ምላሷ እንደ መቀሷ የማያርፍ ወጣት ናት፤ እሷም ያንኑ ፈተና ልትፈተን ከጋሽ ዳገት ዘንድ የምትማር ናት። ደንበኛ እየሠራች የምታጠናው ካርዱን መስታወቱ ጠርዝ ላይ ሰክታ ነው። ፈተናው ሲቃረብ ሚስት ፀጉሯን ልትሠራ ሄዳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ግማሹ ጭንቅላቷ ተጎንጉኖ ግማሹ እንደተበተነ፣ ዓይኗ መስታወቱ ላይ ካለው ካርድ አረፈ። ጥጉ ላይ ወደ ላይ የምታቀና ቀይ መስመር አለች።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ አንዱ ቧንቧ ገንዳውን ለብቻው በሦስት ሰዓት ይሞላል፤ ሌላው ለብቻው በስድስት ሰዓት ይሞላል፤ ሁለቱም አብረው ቢከፈቱ በስንት ሰዓት ይሞላሉ?

«አራት ተኩል» አለች ሚስት በልበ ሙሉነት። «ሦስትና ስድስት ዘጠኝ፣ ለሁለት ሲካፈል።»

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቆመች። «እትዬ፣ አንዱ ብቻውን በሦስት ሰዓት ከሞላው፣ አጋዥ ሲጨመርለት እንዴት ወደ አራት ተኩል ይብስበታል? አጋዡ ውኃ የሚጠጣ ነው እንዴ?»

ሚስት ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሀል መንገድ ላይ ቀረ። «ቆይ፣ ቆይ... እኔም እኮ የቧንቧ ዳገት ሠርቻለሁ። ቧንቧው በአንድ ሰዓት የገንዳውን ሲሶ ይሞላል፤ ገንዳው በስንት ሰዓት ይሞላል የሚል።»

«እሷማ ቁልቁለት ናት!» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ እጇ ጉንጉኑን እየጠበቀ፣ ምላሷ ግን ምንም ሳይጠብቅ። «መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ነው የሰጡኝ፣ እንዳልደነግጥ ብለው። ያቺ የሻይ ጠብታ ያለባት ካርድ አይደለች?»

የሻይ ጠብታ አለባት። ያቺው ናት።

በመስታወቱ ውስጥ የሁለቱ ዓይን ተገናኘ። ፀጉር ሠሪዋ ምን እንዳደረገች የገባት ያኔ ነው። «ውይ... እትዬ... ምናልባት ጋሼ ተሳስተው...»

«እሱ በካርድ አይሳሳትም» ብላ ሚስት ፎጣውን ከትከሻዋ ጣለች።

«እትዬ! ግማሹ ቀርቷል እኮ! እንዲህ ሆነው ይወጣሉ?»

«እንዲህ ሆኜ ነው የከረምኩት!»

የዚያን ቀን መንገድ ላይ የነበረ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። በቀኝ በኩል እንደ ሙሽራ የተጎነጎነች፣ በግራ በኩል እንደ ማዕበል የተበተነች ሴት፣ አቀበቱን ሳታርፍ፣ ማንንም ሰላም ሳትል ሽቅብ ስትነጉድ። ባለሱቁ «ምነው እትዬ፣ መብራት ጠፋ እንዴ ፀጉር ቤቱ?» ብሎ ከኋላዋ ጮኸ።

ባል ጠረጴዛው ላይ ካርድ እየለጠፈ ነበር። ቀና ብሎ ሲያያት ሙጫው እጁ ላይ ፈሰሰ።

«ሁለት ቧንቧ» አለች። «አንዱ በሦስት፣ አንዱ በስድስት። አብረው ቢከፈቱ?»

ነገሩ ወዲያው ገባው። ጆሮው እንደ መካኒኩ ጆሮ ቀላ።

«መስመሩን ማን ነው የሳለው?»

«እኔ» አለ።

«የሻይ ጠብታዋንስ?»

«እሷ ድሮም ነበረች።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። «ልጅ አደረግከኝ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ሲል ከጩኸት ይከፋል። «ለሰው ልጅ ሁሉ እንደ አቅሙ ትመዝናለህ፣ ለኔ እንደ ጡጦ ልጅ። ፈተናውን የሚያወጡት ሰዎች ያፈቅሩኛል እንዴ? ለኔ ብለው መስመሩን ያጣምሙልኛል? ዘንድሮ ከወደቅኩ ሌላ ዘንድሮ የለኝም!»

ባል ሙጫ ያለበትን እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፋው። «ያን ቀን... ዝም ስትይ ቤቱ በረደኝ። ፊትሽን ማየት አቃተኝ። እውነቴን ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«እኔ ለልጁ ብዬ መርፌው አይውጋው ብል ልጁ ይድናል? እጁን ነው የምይዘው እንጂ መርፌውን አልይዝም!»

ይህን ብላ ጎንበስ አለችና የገደሉን ካርቶን አንሥታ መኝታ ቤት ገባች።

ንዴትም እንደ ፍቅር ዓይን የለውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሷ ለራሷ ገደል ብቻ መምረጥ ያዘች። ለሊቃውንት የተሰናዳውን ጥያቄ፣ ጋሽ ዳገት እንኳ ሻይ ጠጥቶ የሚመለስበትን፣ ተራ በተራ ታወጣና ትፋለማለች፤ አንዱንም አትሠራም። «ከበደኝ» ማለት እሱን ይቅር ማለት ስለመሰላት ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች። ሆስፒታል ውስጥ፣ በግማሽ የቀረ ፀጉሯን በሻሽ ሸፍና፣ ሙቀት መለኪያውን ስታነብ እንኳ ቁጥር አስጠላት። የቡድኗ ነርስ «ፊትሽ ገርጥቷል፣ አልጋ ልስጥሽ?» እስከማለት ደረሰች።

ያነቃቻት ፀጉር ሠሪዋ ናት። የቀረውን ግማሽ ፀጉር ልትጨርስ ማበጠሪያና የፀጉር ማስያዣ ይዛ እቤት ድረስ መጣች፤ አመጣጧ ይቅርታ ለመጠየቅም ነበር። ጉንጉኑን እየጎተተች፣ በሚስት ጭን ላይ የተዘረጋውን ገደል አሻግራ አየችው።

«እትዬ፣ እንዳይቆጡኝ እንጂ፣ አንዱን ደንበኛዬን ልንገርዎት። ባሏ ‹ፀጉርሽ ረዘመ› አላት። እውነት መሰላት። አልረዘመም ነበር። ስታውቅ ተናደደችና ምን አደረገች? ተላጨችው!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በረዳት! ጋሼ በፍቅር አሞኙዎት፤ እሺ። እርስዎ ግን ራስዎን በንዴት እየበደሉ ነው። አንዱንም አለመሥራትን ምን ነበር የሚሉት ጋሼ? ‹ያኔ ስደበኝ›? እንግዲህ ራስዎን ይስደቡ!»

ሚስት መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ፀጉር ሠሪዋ ያለቀሰች መስሏት ደነገጠች። ሳቅ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ተገድቦ የቆየ ሳቅ፣ ጉንጉኑን ከእጇ እያስመለጠ።

ፀጉሩ ሲያልቅ ሳሎን ወጣች። ባል ከካርቶኖቹ መሀል እንደ ተከሳሽ ተቀምጧል።

«መምህሩ» አለች። «ትመርጥልኛለህ። ግን ፊቴን አታይም።»

«ፊት ሳላይ እንዴት እመርጣለሁ? ሥራዬ እኮ...»

«ለሌላው ሥራህ ነው። በኔ ላይ ግን በሽታህ ነው። በሳሎኑና በወጥ ቤቱ መሀል መጋረጃ እሰቅላለሁ። እኔ ከወዲህ፣ አንተ ከወዲያ፣ ወጥ ቤት። ካርዱን ከሥር ታሾልካለህ፣ የሠራሁበትን ወረቀት ከሥር እመልስልሃለሁ። ወረቀቴን ብቻ አንብብ። ዝም ብል እንዳትገባ። ባለቅስ እንዳትገባ።»

«ብትወድቂስ?»

«ወለሉ ሩቅ አይደለም።»

መጋረጃው ተሰቀለ። የመጀመሪያው ቀን ለባል ጭንቅ ነበር። ድንች ይልጣል፣ ጆሮውን ይጥላል፤ ዝም። ሽንኩርት ይከትፋል፣ ጆሮውን ይጥላል፤ ዝም። ቢጨንቀው ካርዶቹን አንሥቶ አንድ ሜዳ ሊያሾልክላት ጎንበስ አለ፤ ግን የመለሰችለት ወረቀት እዚያው እግሩ ሥር ነበርና አነሣው። ባለሙያ ዓይኑ ሳይወድ ማንበብ ጀመረ።

ያነበበው አስገረመው። ስሌቷ ደህና ነው። ያለችበት ችግር ሌላ ነው፦ የጥያቄውን መጨረሻ ሳታነብ ትጀምራለች፤ አንዱ ሲያስቸግራት ደግሞ ጥላው አታልፍም። አልበላም እንዳለ ሕፃን ታባብለዋለች፣ ትመለስበታለች፣ ታስታምመዋለች፤ ቀሪዎቹ አራቱ እየጠበቁ። የተሰረዘው፣ የተጻፈው፣ ወረቀቱ እስኪበሳ የተላጠው አንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ፊቷን ሲያይ ኀዘኗን እንጂ ስሕተቷን አላየም ነበር።

ከዚያ ወዲያ መምረጡን እንደገና ተማረ። ሦስት የምትችላቸው፣ አንድ የምትንገዳገድበት፣ መሀሉ ላይ አንድ ገደል ሆን ብሎ ይሰካል፤ ከካርዱ ጋር በብጣሽ ወረቀት «ገደሉን አይተሽ እለፊው፤ ሰላም በይውና እለፊው» ብሎ ይጽፍላታል። መጀመሪያ አላለፈችም። ገደሉ ላይ ተጣብቃ ሰዓቱ አለቀባት። ደግሞም ተጣበቀች። አንድ አመሻሽ ግን ወረቀቱ ሲመለስ ገደሉ ያለበት ቦታ ባዶ ነበር፤ አራቱ ተሠርተዋል፤ ባዶው ቦታ ላይ «ሌላ ቀን እንገናኝ» የሚል ተጽፎበታል።

ባል ሽንኩርቱን ትቶ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻውን ጨፈረ። ከዚያ መግባት ተከልክሏልና፣ መዝፈን ግን አልተከለከለምና፣ ድምፁን አውጥቶ፦

መጋረጃ ጥለሽ ፊትሽን ብትነሺኝ፣
ሽንኩርት እየከተፍኩ ማልቀስ አስለመድሽኝ።

ከወዲያ በኩል ያ የናፈቀው ድምፅ፦

አልቅስ ግድ የለኝም፣ በሽንኩርት አመካኝ፣
ቀላል ጥያቄ ግን ዳግመኛ አትስጠኝ።

መካኒኩ ያን ሰዓት ለትምህርት በሩ ላይ ደርሶ ነበር። በአንድ በኩል ቢላ ይዞ የሚዘፍን መምህር፣ በሌላ በኩል ከመጋረጃ ኋላ የሚመልስ ድምፅ ሰምቶ፣ ተሳስቶ ሠርግ ቤት የገባ መስሎት የቤቱን ቁጥር ሊያይ ወደ ውጭ ተመለሰ።

የፈተናው ቀን አዳራሹ በሰው ተሞልቶ ነበር። አብዛኞቹ ልጆቿ የሚሆኑ ናቸው፤ አጠገቧ የተቀመጠው ጎረምሳ ፈታኝ መስላው «መጸዳጃ መሄድ ይቻላል?» ብሎ ጠየቃት። «እኔን ከጠየቅክ ቶሎ ተመለስ» አለችው። የሒሳቡ ወረቀት ታደለ። የመጀመሪያዎቹ ሜዳ ነበሩ። ከዚያ ዳገት መጣ፤ እያለከለከችም ቢሆን ወጣችው። መሀል ላይ አንድ አስቀያሚ ጥያቄ ከሦስት መስመር ክፍልፋይ ጋር ተገትሮ ጠበቃት። እርሳሷ ወደሱ ሊሄድ ሲል ያዘችው፤ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብባ፣ ከንፈሯን ጠመም አድርጋ፣ ገጹን ገለጠች። ከኋላዋ የተቀመጠው ሰው አንዱ ላይ ቀርቶ ሲያቃስት ይሰማታል፤ ግን አልዞረችም። ደወሉ ሲደወል ባዶ የተወቻቸው ጥቂት ነበሩ፤ የቀሩት ግን የእሷ ናቸው።

ውጤቱ ከቆይታ በኋላ በሥራ ሰዓት መጣ። ሕፃናት ክፍሉ ኮሪደር ላይ፣ ንጹሕ አንሶላ የተቆለለበትን ጋሪ ስትገፋ ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። መልእክቱን አነበበችው። ቆመች። ጋሪው ብቻውን ትንሽ ሄደና ግድግዳ ነካ። እንደገና አነበበችው፤ ይህን ጊዜ እስከ መጨረሻዋ ቃል። ከዚያ ደወለች።

ባል ክፍል ውስጥ ነበር፤ ጥቁር ሰሌዳው ፊት፣ እጁ ጠመኔ የለበሰ። በማስተማር ላይ ሳለ ስልክ አንሥቶ የማያውቅ ሰው፣ ስሟን ሲያይ አነሣ።

«አለፍኩ» አለች። «ሒሳቡን ከማለፊያው በላይ ነው ያመጣሁት፤ በጣም በላይ አይደለም፤ ግን በላይ ነው።»

«አለፈች» አለ ባል፣ ለማን እንደተናገረ ሳያውቀው።

«ማን፣ ጋሼ?» አሉ ከፊት የተቀመጡት።

«ሚስቴ! የመግቢያ ፈተናውን!»

ክፍሉ ጣሪያው ተነቀለ። ጠረጴዛ ተደበደበ፣ ተፏጨ፣ የኋላዎቹ ወንበር ላይ ወጡ። ርዕሰ መምህሩ ምን ፈነዳ ብለው በሩን ከፍተው ገቡ፤ ሲነገራቸው እሳቸውም ማጨብጨብ ጀመሩ።

«አንተ ሰው!» አለች በስልኩ ውስጥ። «ክፍል ውስጥ ሆነህ ነው የምታነሣው? ዝጋው፣ አሳፈርከኝ!»

«አልዘጋም። የትኞቹን ነው የተውሻቸው? ንገሪኝ፣ ስንተኛውን? ክፍልፋይ ነበረበት?»

«ያገኘሁትን ትተህ የሳትኩትን ትጠይቀኛለህ?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ከኮሪደሩ ጫፍ ነርሷ «አንሶላው የት ደረሰ?» ብላ ተጣራች። ሚስት ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ ጋሪዋን ከግድግዳው አላቀቀች።

«መጣሁ!» አለች ለነርሷ። ወደ ስልኩ ደግሞ፣ «በል ልጆቹን አስተምር። ምዝገባው ከሰኞ ጀምሮ ነው፤ ፎቶግራፍ ያስፈልጋል። ከሥራ ስወጣ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ጠብቀኝ፤ አብረኸኝ ግባ፤ ብቻዬን ስነሣ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»